እንግዳ ሲመጣ ቀለም አይጥፋ

ጥምቀት ሲቃረብ ጎንደር ፒያሳ ላይ ቁሙና እዩ። ዓመቱን ሙሉ የት እንደከረመ የማይታወቅ ቀለም ከነባልዲው ብቅ ይላል። የአስፋልቱ ጉድጓድ እንዳለ ነው፣ ጠርዙ ግን ሙሽራ ይመስላል። ለዓይን የማይመች ነገር ካለ ቆርቆሮ ይቆምበታል። እሰይ! ይበል የሚያሰኝ ነው።

ዓለም ይቺን ጥበብ ዘግይቶ ነው የደረሰባት። ሪዮ እንኳ ከ2016ቱ (በፈረንጆቹ አቆጣጠር) ኦሎምፒክ በፊት ከኤርፖርት በሚያስገባው መንገድ ዳር፣ የድሆቹን ሰፈር የሚጋርድ ግድግዳ ደርድራ ሲያበቃ "ለድምፅ መከላከያ ነው" ተባለ። ለድምፅ! ይቺ ምክንያት ለኛ ቆርቆሮ እንዴት አልመጣችልንም?

አቴንስማ የሥጋ ዘመዳችን ናት። ለ2004ቱ ኦሎምፒክ የሶፍትቦል ሜዳ ሠራች። ግሪክ አገር ሶፍትቦል ማን ይጫወታል አትበሉ፣ እንግዳ ይጫወታላ። እንግዳው ሄደ፣ አረሙ በቀለ። ብራዚልም ለ2014ቱ የዓለም ዋንጫ ከአማዞን ጫካ መሀል ማናውስ ላይ ከ40,000 በላይ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ገተረች። አራት ጨዋታ ታየበት። ከተማዋ በአንደኛው ሊግ የሚጫወት አንድ ክለብ እንኳ አልነበራትም፣ ግን እሱ ምን ቁም ነገር ነው። ሞንትሪያል ደግሞ የ1976ቱን ኦሎምፒክ ስታዲየም ዕዳ ከፍላ የጨረሰችው በ2006 ነው። አባት ተበድሮ ደገሰ፣ ልጅ ከፈለ። ድግስ እንዲህ ነው እንጂ!

የማልወዳት ባርሴሎናን ነው። በ1992 ኦሎምፒክ ሰበብ የፋብሪካና የባቡር ሐዲድ ሰፈር የነበረውን የባሕር ዳርቻ አጽድታ ከፈተች፣ ይኸው የአገሬው ሰው እስከ ዛሬ ይዋኝበታል። ለእንግዳ የተሠራን ነገር ባለቤቱ ሲጠቀምበት አያሳፍርም?

ዐፄ ፋሲልም ቢሆኑ ተሳስተዋል። በስማቸው የሚጠራው መዋኛ እንግዳ መጣም ቀረም በየጥምቀቱ ከቀሃ ወንዝ ውሃ ይሞላል፣ ልጆች ይዘሉበታል። ቀለም እንኳ አልተቀባም።

ካፌ ስንቀመጥ "እኛም የአፍሪካ ዋንጫ ማዘጋጀት አለብን" የሚል አይጠፋም። ብሔራዊ ቡድናችን ሜዳዎቻችሁ መስፈርት አያሟሉም ተብሎ "በሜዳው" የሚባለውን ጨዋታ ሰው አገር ሲጫወት ከረመ። የአፍሪካን እግር ኳስ የሚመራው ካፍ የኛን ባልዲ ስላላየ ነው።

አምና በእኛ ሰፈር የሚቀባው ልጅ አንድ የቆመ ባጃጅ ጋ ደረሰ። ሾፌሩ የለም። ልጁ ምን ያድርግ፣ ጠርዙን ከባጃጁ ፊትም ኋላም ቀባና አለፈ። ጎረቤታችን እትዬ ቢጫ ጄሪካናቸውን ይዘው የፈረቃ ውሃ ሲጠብቁ ነበር።

"ልጄ፣ ይቺንም ቀባልኝ" አሉት። "ባዶ መሆኗ እንዳይታወቅ።"

ባጃጁ ማታ ሄደ። በልኩ የቀረችው ያልተቀባች ቦታ ግን ዛሬም አለች፣ ሰፈሩም "ባጃጇ ጋ" ብሎ ይቀጣጠርባታል። የኛ ሌጋሲ።