የቶንሲል ነገር ያሳሰባቸው የልብ ሐኪም

በ1967 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ኬፕታውን ውስጥ፣ ግሩት ሹር ሆስፒታል፣ በዓለም የመጀመሪያው የሰው ልብ ንቅለ ተከላ ተደረገ። ዓለም ጉድ አለ። በዚያው ዓመት ደቡብ አፍሪካ፣ ምታታ ከተማ፣ ቦንጋኒ ማዮሲ ተወለዱ። አባታቸው ሐኪም ነበሩ፣ እናታቸው ነርስ። በአፓርታይድ ዘመን ያደጉት እኚህ ሰው በ2006 የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የውስጥ ደዌ ክፍል የመጀመሪያው ጥቁር ኃላፊ ሆኑ። የሥራ ቦታቸውም ያው ግሩት ሹር ነበር።

ስለ ንቅለ ተከላው ብዙ ተብሏል። እኔን የሚገርመኝ ማዮሲ ዕድሜያቸውን የሰጡት ነገር ነው። ቶንሲል! ልጅቷ ጉሮሮዋን ያማታል፣ ያተኩሳታል፣ በሳምንት ይለቃታል። ሲመላለስባት ግን የሰውነቷ መከላከያ ከባክቴሪያው ጋር የጀመረውን ጠብ ወደ ገዛ ልቧ ያዞረዋል። ቫልቩ፣ ማለትም ደም የሚያሳልፈው የልብ በር፣ ይጠባል ወይም ያፈሳል። የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ዳገት ሲያቅታት፣ ወይም አርግዛ ትንፋሽ ሲያጥራት። በጊዜ ቢደረስባት ኖሮ እኮ ፔኒሲሊን ይበቃት ነበር።

ማዮሲና ባልደረቦቻቸው ኢትዮጵያን ጨምሮ በ12 የአፍሪካ አገሮች፣ በሕንድና በየመን ከ3,300 በላይ እንዲህ ያሉ ሕሙማንን መዘገቡ። መካከለኛ ዕድሜያቸው 28 ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ 17 በመቶ ያህሉ ሞቱ። ሰው ገና ኑሮ ልጀምር በሚልበት ዕድሜ!

ሌላም አለ። ቲቢ የልብን ሽፋን ሲይዝ ፕሬድኒሶሎን የተባለው ብግነት አብራጅ መድኃኒት ይሰጥ ወይስ አይሰጥ? ሐኪሞች ለዘመናት ሲከራከሩበት ኖረዋል። ማዮሲ በስምንት የአፍሪካ አገሮች 1,400 ሕሙማን ላይ አስፈተኑት። ውጤቱ በ2014 ወጣ። ሽፋኑ ጠንክሮ ልብን እንዳያንቅ ይረዳል፣ ሞትን ግን አልቀነሰም። ይባስ ብሎ ኤችአይቪ ባለባቸው ላይ ካንሰር ጨመረ። «ታዲያ ይሄም ግኝት ነው?» የሚል አይጠፋም። እንዴታ! ክኒኑን ለሚውጠው ሰው ከዚህ በላይ ምን ግኝት አለ? በሽታው የሚበረታው እኛ ጋ ነው፤ እኛ ካልጠየቅን ማን ይጠይቅልናል?

ማዮሲ በ2018፣ በ51 ዓመታቸው፣ ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጠፉ። ለሁለት ዓመት ከድባቴ ጋር ሲታገሉ እንደነበር ቤተሰባቸው ተናግሯል። ሐኪም መሆን ከድባቴ አያስጥልም።

ሲጀመር የነበሩበት አንድ ትልቅ ጥናት ውጤቱ የታወቀው በ2022 ነው። በ24 አገሮች፣ ቫልቫቸው ከቶንሲል በሚነሳው በዚያ በሽታ ተጎድቶ የልብ ምታቸው የተዛባ ከ4,500 በላይ ሰዎች ተሳተፉ። አዲሱ ደም ማቅጠኛ፣ ሪቫሮክሳባን፣ ከነባሩ ዋርፋሪንና ከዘመዶቹ ጋር ተወዳደረ። ብዙዎች አዲሱ ቢያንስ አያንስም ብለው ነበር። ያነሰ ሰው የሞተው ግን ነባሩን ሲወስዱ ከነበሩት ነው። አዲሱ መድኃኒት ቀደም ሲል ተፈትኖ ሲመሰገን፣ ቫልቫቸው ክፉኛ የጠበበ ሕሙማን ከጥናቱ ውጭ ተደርገው ነበር።