መስኮቱን ዝጊው

የታመምኩት እኔ ነኝ። ኋላ እንዳያከራክረን አስቀድሜ ልናገር።

አንድ ወር ሙሉ ስስል "ብርድ ነው" እያልኩ ነበር። ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር የሚኖር ሰው ምን ችግር አለበት፤ ሁሉንም በሐይቁ ነፋስ ያሳብባል። ጣናን የሚያህል ውሃ አጠገብ ተኝቶ ሌላ ተጠያቂ ማን ይፈልጋል? ዝንጅብል አፈላሁ፤ ነጭ ሽንኩርት በማር ላስኩ። ሌሊት ሌሊት አንሶላው እስኪጨመቅ ሲያልበኝ፣ ሱሪዬም ያለ ቀበቶ አልቆም ሲል፣ ባለቤቴ ባጃጅ ጠርታ ጫነችኝ። አክታ ሰጠሁ። ቲቢ ሆኖ ተገኘ። እሷና ልጆቹም ተመረመሩ፤ ደህና ናቸው።

ሕክምናው 6 ወር ነው። መጀመሪያ 2 ወር አራት ዓይነት መድኃኒት፣ ከዚያ 4 ወር ሁለት ዓይነት። ክፍያ የለውም። የከፈልኩት ነፃነቴን ብቻ ነው። ነርሷ "ከቤት ማን ያስውጥሃል?" ስትል፣ ባለቤቴ እኔን ሳታማክር "እኔ" አለች።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ክኒኖቹን መዳፏ ላይ ደርድራ ትቆምብኛለች። እውጣለሁ። "አፍህን ክፈት።" እከፍታለሁ። "ምላስህን አንሣ።" አነሣለሁ። አስተማሪ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ክፍል ውስጥ ማስቲካ የሚደብቅ ልጅ ስታድን የኖረች ሴት፣ ምላስ ሥር ምን ምን እንደሚደበቅ አሳምራ ታውቃለች።

መድኃኒቱን በጀመርኩ ማግስት ሽንት ቤት ገብቼ ጮህኩ። የወጣው ነገር ሚሪንዳ ነው የሚመስለው።

"አለቀልኝ! ደም ነው!"

እሷ ወጥ ቤት ሽሮ እያማሰለች ነበር። ማማሰያውን እንኳ አላስቀመጠችም።

"የመድኃኒቱ ቀለም ነው። ነርሷ ስትነግረን የት ነበርክ?"

የት እንደነበርኩ እኔ ነኝ የማውቀው። በልቤ ኑዛዜ እየጻፍኩ፣ የኪራይ ቤት ለማን ይወረሳል እያልኩ ስጨነቅ ነበር።

የቤታችን ትልቁ ጦርነት ግን የተነሣው በመስኮት ነው። ይህ በሽታ የሚተላለፈው በአየር ስለሆነ የታፈነ ቤት ይመቸዋል። ነፋስና ፀሐይ ግን አይስማሙትም። ስለዚህ "መስኮት ክፈቱ" ተብለናል። ባለቤቴ ትከፍታለች። ጠያቂ ይመጣል። ገና ጫማውን ሳይጠርግ፣ "ምነው ልጄ፣ ብርድ ልታስመቺው ነው? መስኮቱን ዝጊው እንጂ!"

አይፈረድባቸውም። እኛ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ስንሄድ፣ አባይ በረሃ ላይ በዚያ ሙቀት እየተቀቀልን "መስኮት ዝጉ" የምንባባል ሰዎች ነን። ግን ነገሩን ልብ በሉት። ሰው በሽታዬን ፈርቶ በሩ ሥር ያለችውን ወንበር ይሻማል። ከዚያ መስኮቱን ዘግቶ ከበሽታዬ ጋር አብሮ ያመሻል።

ማምሸት ስል ደግሞ ማምሸት ነው። የዘጌ ቡና ይወቀጣል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። በረካን ሳይጠጣ የተነሣ ጠያቂ አላየሁም። ባለቤቴ ከትምህርት ቤት ገብታ፣ እኔን አብልታ፣ ልጆቹን አስጠንታ፣ ለጠያቂ ትቆላለች። ሲወጡ ለእኔ "እግዜር ይማርህ"፤ ለእሷ "ቡናው ዛሬ ቀጠን አለብኝ።"

አንድ አያ፣ ለሳል አረቄን የሚያህል የለም ብለው በሃይላንድ ጠርሙስ ይዘው መጡ። እኔ እንኳ ሐሳቡ አልከፋኝም ነበር። እሷ ግን "መድኃኒቱ ጉበቱን እየሞከረው ነው፤ አረቄ ልጨምርበት?" ብላ ጠርሙሱን በክብር ወደ ወጡበት መለሰችው።

የጎረቤታችን እማማ ደግሞ አንድ ቀን ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው፣ እኔ በምሰማው ድምፅ፣ "ብርጭቆውን ለይለት" አሏት። 2 ወር መድኃኒት ወስጃለሁ፤ ማስተላለፌ ከቆመ ቆይቷል። ደግሞስ ይሄ በሽታ በብርጭቆ የሚመጣ አይደለም። እንደዚህ ብላ ታስረዳቸዋለች ብዬ ስጠብቅ፣ እጇን ሰደድ አድርጋ ጋማሽ የጠጣሁትን ሻይ አነሣች። ፉት አለችው።

"ቀዝቅዟል" አለችኝ። "ሌላ ላምጣልህ።"

እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እኔም አጎንብሼ ሳልኩ። ሳል አልነበረም።

በ3ኛው ወር የምግብ ፍላጎቴ ተመለሰ። የተጠበሰ ቀረሶ ዓሣ ጭንቅላቱ ሳይቀር እጨርስ ጀመር። 49 ኪሎ የነበርኩት ሰውዬ 58 ገባሁ። እሷ በየሳምንቱ ክንዴን እንደ ፋሲካ ሙክት ጨበጥ አድርጋ ታያለች።

በ5ኛው ወር እሷን ጉንፋን ጣላት። ብርቱ ጉንፋን። ሰፈሩ ሰማና መጣ። እማማ ገብተው፣ መስኮቱን ዘግተው፣ አልጋው ላይ የተጠቀለለችውን ሴት አልፈው እኔን ጨበጡኝ።

"አሳዘንከኝ ልጄ። እንግዲህ ማን ሊያበላህ ነው?"

ከብርድ ልብሱ ሥር ጎርናና ድምፅ መጣ። "መስኮቱን ክፈትልኝ።"

ተነሥቼ ከፈትኩት።

"ተው አንተ፣ በሽተኛ ነህ፤ ቁጭ በል" አሉኝ እማማ። ከዚያ ወደ ምድጃው አየት አድርገው፣ "ዛሬ ቡና የለም እንዴ?"