ሚንግን የጣለው ያኮረፈው ንጉሥ ነው ወይስ እንቅልፍ ያጣው?

"ቻይና እኮ የመቶ ዓመት እቅድ ነው የምታወጣው" ሲባል ሰምቶ የማያውቅ አለ? ማኪያቶ በቀረበበት ሁሉ ይነሳል። እኔ ይህን በሰማሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ አንድ ቻይናዊ ነው። መቶ ዓመት ብቻ ሳይሆን ለዘላለም ያቀደ ሰው። ዡ ዩዋንዣንግ ይባላል፣ የሚንግ ሥርወ መንግሥት መሥራች። በመጨረሻ የልጅ ልጆቹን ጉድ የሠራቸውም ያው እቅዱ ነው ባይ ነኝ።

ሰውየው ከምንም ነው የተነሳው። እ.ኤ.አ. በ1328 ከድሃ ገበሬ ተወለደ። በ1344 ድርቅ፣ አንበጣና ወረርሽኝ ተከታትለው ሲመጡ አባቱ፣ እናቱና ታላቅ ወንድሙ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሞቱበት። መቅበሪያ መሬት እንኳ አልነበራቸውም፣ አንድ ጎረቤት ነው አዝኖ የሰጣቸው። ልጁ የቡድሃ ገዳም ገባ። ገዳሙም የሚበላ ሲያጣ ለልመና አሰናበተው፣ ልክ እንደኛ የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ ሦስት ዓመት ያህል በየደጁ ዞረ። በ1352 አገሩን የያዙትን ሞንጎሎች ከሚወጉት ሽፍቶች ጋር ተቀላቀለ። በ1368 ናንጂንግ ላይ ዘውድ ጫነ፣ በዚያው ዓመት ሞንጎሎቹ ቤጂንግን ጥለው ወጡ። ከአኩፋዳ እስከ ዘውድ 24 ዓመት!

አገዛዙ መጀመሪያ ላይ መጥፎ አልነበረም። ጠፍ መሬት አሳረሰ፣ ሕዝብና መሬት አስቆጠረ፣ ጉቦኛ ሹም አላስተርፍ አለ። ችግሩ ሰው አለማመኑ ነው። በ1380 ጠቅላይ ሚኒስትሩን ሁ ዌዮንግን "ሊገለብጠኝ አሲሯል" ብሎ ገደለው። ጣጣው በሱ አላበቃም፣ ለዓመታት በተካሄደው አደን ወደ 30 ሺህ ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ከዚያ ሥልጣኑን ራሱን ሰረዘው። ለዘሮቹ በተወው የትእዛዝ መጽሐፍ ላይም አሰፈረው፦ ወደፊት "ጠቅላይ ሚኒስትር ይሾም" የሚል ሹም ቢነሳ ከነቤተሰቡ ይገደል። ከትእዛዙ አንዲት ቃል እንዳትለወጥም አስጠነቀቀ።

ታዲያ ሥራውን ማን ይሥራው? ራሱ ነዋ! በ1384 በስምንት ቀን ውስጥ 1,660 ደብዳቤ ቀርቦለት ነበር፣ በውስጣቸው 3,391 ጉዳይ። በቀን ከ400 በላይ ማለት ነው። እሱ ቻለው፣ ረሃብ ያደነደነው ሰው ነው። ቤተ መንግሥት ተወልዶ በሞግዚት ያደገ የልጅ ልጅ ልጅስ?

ዋንሊን እንይ። በ1572 ገና ልጅ ሆኖ ነገሠ። ካደገ በኋላ ከሚወዳት ሚስቱ የተወለደውን ሦስተኛ ልጁን አልጋ ወራሽ ማድረግ ፈለገ። ሹማምንቱ "የበኩር ልጅ እያለ አይሆንም" አሉ። ጭቅጭቁ 15 ዓመት ገደማ ፈጀ። በመጨረሻ ተሸነፈና አኮረፈ። ቀልዴን አይደለም፣ የዚያን ሁሉ ሕዝብ ጉዳይ ብቻውን የሚወስን ሰው ለአሥርተ ዓመታት አኮረፈ። ችሎት አይወጣም። ሹም ሲሞት ምትክ አይሾምም። ሥራ ልልቀቅ ብሎ ለሚያመለክተውም መልስ የለም፣ ሰውየው ጠብቆ ጠብቆ ሲሰለቸው ማኅተሙን አስቀምጦ ወደ አገሩ ይሄዳል። በ1615 ብቅ ሲል ብዙዎቹ ሹማምንት ፊቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ማየታቸው ነበር።

ከሰሜን ምሥራቅ መጥተው በኋላ ሚንግን የተኩት ማንቹዎች ያስጻፉት ይፋዊ ታሪክ "ሚንግ የወደቀው በዋንሊ ነው" ይላል። ብዙ ሰውም ይህንኑ ይደግማል። እኔን አይዋጥልኝም። ለምን ቢባል የመጨረሻው ንጉሥ ቾንግዠን የዋንሊ ተቃራኒ ነበር። በ1627 በ16 ዓመቱ ነግሦ ሌሊት ሁሉ ደብዳቤ ሲያነብ የሚያድር፣ ልብሱን አስጠግኖ የሚለብስ ልጅ። ግን እሱም እንደ መሥራቹ እንደ ዡ ዩዋንዣንግ ሰው አያምንም። በ17 ዓመት 50 የሚሆኑ ከፍተኛ አማካሪዎች ቀያየረ። ከማንቹዎች ሲከላከልለት የነበረውን ጄኔራል ዩዋን ቾንግኋንን በ1630 በክህደት ጠርጥሮ አስገደለው።

የ1642ቱ ደግሞ የባሰ ነው። ከማንቹዎቹ ጋር በሚስጥር እንዲደራደር የጦር ሚኒስትሩን አዘዘው። ሚኒስትሩ የድርድሩን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ትቶ ወጣ። አሽከሩ ተራ ደብዳቤ መስሎት ለሕዝብ ከሚገለበጠው ጋር አወጣው። ከተማው ተንጫጫ። ንጉሡ "አዎ፣ እኔ ነኝ ያዘዝኩት" ማለት አልሆነለትም። ሚኒስትሩን አስገደለው። ከዚያ ወዲያ ማን ለዚህ ንጉሥ አንገቱን ይሰጣል?

ገንዘቡም አልቋል። የመሥራቹ ትእዛዝ ለዘሮቹ የዘላለም ቀለብ ቆርጦላቸዋል፣ ነግደውም ሆነ ተቀጥረው እንዳይበሉ ታግደዋል። መጀመሪያ ሃያ ስድስት ወንድ ልጅ ነበር፣ በስተመጨረሻ ቀለብተኛው በአሥር ሺዎች ሆነ። ያንን መንካት ስለማይቻል የተቆረጠው የትንሹ ሰው እንጀራ ነው። በ1629 የመንግሥት የፈረስ መልእክት ጣቢያዎች ወጪ ይቀነስ ተባለ። ሻዓንሺ በሚባል የሰሜን ምዕራብ ክፍለ ሀገር፣ ያውም ድርቅ በያዘው አገር፣ ሥራቸውን ካጡት አንዱ ሊ ዚቸንግ የሚባል ወጣት ነበር። ሸፈተ። በ1641 ሉዮያንግን ያዘ፣ እዚያ ተንደላቅቆ ይኖር የነበረውን ልዑል ገድሎ ጎተራውን ለረሃብተኛው ከፈተ። ልዑሉ ማን መሰላችሁ? ያ ዋንሊ ያኮረፈለት ሦስተኛ ልጅ ነው።

ቾንግዠን ለወታደር ደመወዝ ከዘመድና ከሹም ገንዘብ ለመነ። የሚስቱ አባት እንኳ "ከየት አምጥቼ" አለ፣ በኋላ አማፂዎቹ ቤቱን ሲበረብሩ ከሰጠው ብዙ እጥፍ ጥሬ ብር ተገኘበት። ሚያዝያ 1644 ሊ ዚቸንግ ቤጂንግ ሲገባ ንጉሡ ሹማምንቱን ለመጥራት ደወል አስደወለ። አንድም ሰው አልመጣም። አንድ ጃንደረባ አስከትሎ ከቤተ መንግሥቱ ጀርባ ወዳለው ኮረብታ ወጣና ዛፍ ላይ ራሱን ሰቀለ።

ሊ ዚቸንግም ቤጂንግን የያዛት ለ40 ቀን ገደማ ነው። የድንበሩ ጄኔራል ዉ ሳንግዊ በታላቁ ግንብ ላይ ያለውን የሻንሃይን በር ለማንቹዎች ከፈተላቸው፣ እነሱም ቺንግ የሚባለውን ሥርወ መንግሥት ቤጂንግ ላይ ተከሉ። ብዙ ነገር ቀየሩ፣ የወንዱን ፀጉር አቆራረጥ ሳይቀር። ያችን የ1380 ውሳኔ ግን አልነኳትም። ቺንጎች የመጀመሪያውን ጠቅላይ ሚኒስትር የሾሙት በግንቦት 1911 ነው። በየካቲት 1912 ዙፋኑ ራሱ አልነበረም።