ማስተካከያ፦ ስለ ኮክና ቻልመርስ ውርርድ
የአንጎል ተመራማሪው ክሪስቶፍ ኮክ በ2023 (እ.ኤ.አ.) ኒውዮርክ በተካሄደ የሳይንስ ጉባኤ መድረክ ላይ ለፈላስፋው ዴቪድ ቻልመርስ የወይን ጠጅ ማስረከቡን ተከትሎ «ንቃተ ህሊና ከአንጎል ጋር እንደማይገናኝ ተረጋገጠ» የሚል ወሬ ተዛምቷል። ሐሰት ነው። የ1998ቱ ውርርድ፣ ንቃተ ህሊናን የሚያስገኘው የአንጎል አሠራር በ25 ዓመት ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታወቃል ወይስ አይታወቅም የሚል ነበር፤ አልታወቀም፣ ኮክም ተረታ። ነገሩ ይኸው ነው።

በዚያው መድረክ ውጤቱ የቀረበው ሙከራ አንጎል ንቃተ ህሊናን እንዴት እንደሚያስገኝ የሚያስረዱ ሁለት ተፎካካሪ ንድፈ ሐሳቦችን ፈትሿል። አንደኛው፣ ሰው ምስል እያየ እስካለ ድረስ በአንጎሉ የኋላ ክፍል ይዘልቃል ያለው የነርቭ ሴሎች የተቀናጀ እንቅስቃሴ አልተገኘም። ሌላው፣ ምስሉ ሲጠፋ በአንጎሉ የፊተኛው ክፍል ይታያል ያለው ድንገተኛ የእንቅስቃሴ ብልጭታም እንደተጠበቀው አልሆነም።

ከወሬው ጋር አብሮ የሚነሳው፣ ኮምፒውተር ንቃተ ህሊና ይኖረዋል ወይ የሚለው ጉዳይ ውርርዱን አይመለከትም፤ አውሪዎች የለጠፉት ነው። ኮክ እንደሆነ ለሌላ 25 ዓመት ተወራርዷል።