እንግሊዝኛ አለመቻል ከመምረጥ አያግድም

ወንድሜ፣ «ስፓኒሽ ተናጋሪዎች አሜሪካ ውስጥ የማይመርጡት እንግሊዝኛ ስለማይችሉ፣ ሕጉም ስለማይፈቅድላቸው ነው» ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል፤ ግን ስህተት ነው። መራጭ የሚጠየቀው ዜግነት፣ ዕድሜና በአብዛኛው ምዝገባ ነው። የቋንቋ ፈተና የለም። ፖርቶ ሪኮ በምትባለው የአሜሪካ ግዛት ደሴት የተወለዱትን ውሰድ። ከ1917 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የአሜሪካ ዜጎች ናቸው፤ ብዙዎቹ ያደጉት በስፓኒሽ ነው። ፍሎሪዳ ወይም ኒው ዮርክ ሲገቡ ተመዝግበው ይመርጣሉ።

በ1975 የተሻሻለው የመምረጥ መብት ሕግ ደግሞ ስፓኒሽ ተናጋሪዎች በብዛት በሚገኙባቸው ካውንቲዎች (የአካባቢ አስተዳደሮች) የድምፅ መስጫ ወረቀቱ በስፓኒሽም እንዲዘጋጅ ያስገድዳል። ችግሩ ይህን ሳያውቅ ቤቱ የሚቀር ሰው መኖሩ ነው። የመራጮች መብት ተሟጋቹ ዊሊ ቬላስኬዝ በ1974 ሳን አንቶኒዮ፣ ቴክሳስ ውስጥ የመራጮች ምዝገባ ድርጅት ያቋቋመው ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ነበር። ሰው በገዛ ሰፈሩ፣ በሚያውቀው ጎረቤት አፍ ሲነገረው ይሰማል። እኔ ከፖስተር ይልቅ በዚህ አምናለሁ።

የትርጉም ግዴታው አማርኛን አይጨምርም። ቢሆንም ወረቀቱን ማንበብ የማይችል ማንኛውም መራጭ የሚያምነውን ሰው ረዳት አድርጎ መግባት ይችላል። የማይፈቀዱት አሠሪው ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካዮች ናቸው። እናትህ ዜጋ ከሆኑ አብረሃቸው ግባ።