ከታች ብቻ እሳት

መከራ የተደራረበበትን ሰው «እንደ ድፎ ዳቦ ከላይም ከታችም እሳት ነደደበት» የምንለው በሐዘኔታ ነው። እኔ ግን ካለፈው ዓመት ወዲህ ይህን አባባል በሰማሁ ቁጥር የማዝነው ለሰውየው ሳይሆን ለቤታችን ኦቨን ነው፤ ከላይ የሚነድ እሳት ቢኖረው ኖሮ በማኅበርተኛ ፊት ባልተዋረድን። እናቶቻችን ሊጡን በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ምጣድ ላይ ካሳረፉት በኋላ፣ በአክንባሎ ወይም በላሜራ ከድነው ከክዳኑ በላይ ፍም ሲያነጥፉበት፣ የሙቀትን ነገር ማንም ሳያስተምራቸው ጨርሰውት ነበር። እኛ ባለ መስታወት በር ዕቃ በብዙ ብር ገዝተን፣ ባሕር ዳር ዓባይ ማዶ ድረስ በባጃጅ አስጭነን፣ በአንድ ወገኑ ከሰል በሌላው ወገኑ ሊጥ የሆነ ዳቦ መብላት ጀመርን።

ጉዱ የወጣው የጊዮርጊስ ማኅበር ተራችን በደረሰ ጊዜ ነው። የነፍስ አባታችን ዳቦውን ባርከው ቢላዋውን ሲያሳርፉበት ላዩ እንደ ጥጥ እሺ ብሎ ገባላቸው፤ ታችኛው ጋ ሲደርሱ ግን ቢላዋው ድንጋይ እንደ ነካ ጮኸ። ስበው ሲያወጡት ስለቱ ከጫፍ እስከ እጀታ ነጭ ሊጥ ለብሶ ነበር። አባ አገላብጠው አዩትና አንድ ቃል ሳይናገሩ በመሶቡ ልብስ ጠረጉት። ማኅበርተኛው በሙሉ «እሰይ፣ እንዴት ያለ ዳቦ ነው!» አለ። ከጎኔ የተቀመጡት እናት በጣታቸው ላይ የተጣበቀውን ሊጥ እያድበለበሉ የአተር ፍሬ አሳከሉትና፣ እኔ ወደ ሌላ የማይ መስሏቸው ከጠላ ብርጭቋቸው ሥር ቀስ አድርገው ሸሸጉት።

አበሻ ጨዋ ነው፤ ጥሬ ዳቦ ይውጣል እንጂ ባለቤትን አያሳፍርም። ከዚህ ጨዋነት የተነሣም ዳቦው ሳይነገር በማዕረግ ይከፋፈል ጀመር። በደንብ የበሰለችው መካከለኛዋ ቁራሽ ለአባና ለማኅበሩ ሙሴ ትሄዳለች፤ ከኋላ በኩል የጠቆረው «ለጥርስ ብርታት ይሰጣል» ተብሎ ለልጆች ይታደላል፤ በበሩ በኩል ያለችው ግራ ጥግ፣ ማለትም ቅርፊት የሚባል ነገር ያልዞረባት፣ ለአማቴ ትቀርባለች። ለእኔ የሚደርሰኝ ከሁሉም የተራረፈው ነበር፤ የቤቱ አባወራ እኔ ስለ ሆንሁ ቅሬታ የማቀርብበት አካል አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ በየቡናው የምርመራ ጉባኤ ይካሄድ ጀመር። ጎረቤታችን ሊጡ ኩፍ ሲል ዐይነ መጥፎ ሰው አይቶታል አለች። የባለቤቴ ወንድም ከጣና የሚመጣው ነፋስ በመስኮት እየገባ ዳቦውን በአንድ ጎኑ ያቀዘቅዘዋል ብሎ መስኮቱን በፌስታል አስጠረቀመን፤ በባሕር ዳር ሙቀት መስኮት ዘግቶ ዳቦ መጋገር ምን ማለት እንደ ሆነ የሞከረው ያውቀዋል። ሌላው ደግሞ ጥፋቱን በኮብልስቶናችን ላይ ጣለ፤ 380 ሜትሩን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ያለ አንዳች ንቅናቄ የተሻገረው ኦቨን የእኛ ሰፈር መግቢያ ላይ ሆድ ዕቃው ተናወጠ አለ።

ከሁሉም የከፋው የተማረው ነው። የእኅቴ ልጅ የምግብ ቴርሞሜትር ይዞ መጣና፣ የውጭ አገር መመሪያ አንብቤያለሁ፣ የዳቦው ውስጥ 98 ዲግሪ ሳይደርስ አይወጣም ብሎ ከበሩ ፊት ዱካ ላይ ተቀመጠ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እርጥበት ያለበት ሊጥም ከዚያ እምብዛም አያልፍም። ልጁ አራቷን ዲግሪ ሲጠብቅ፣ ዳቦው ድርቆሽ ሆኖ እርጥበቱን ሲጨርስ፣ መንደሩ በጭስ ታጠነ።

በመጨረሻ ሰው መስማቴን ትቼ ራሱን ኦቨኑን መጠየቅ ጀመርሁ። ንጹሕ ስኳር የሚቀልጠው 186 ዲግሪ ግድም ስለሆነ፣ በሁለት ትናንሽ የፎይል ሳሕኖች ስኳር አድርጌ አንዱን ከኋላ፣ ሌላውን ከበሩ ሥር በግራ አስቀመጥሁና ማዞሪያውን 200 ላይ አደረግሁት። የኋላው ቀልጦ ቡናማ ሆነ፤ የፊተኛው ለሻይ እንደ ተዘጋጀ ተቀምጦ ቆየኝ። ባለቤቴ ስኳር በምን ዋጋ እንደሚገዛ በዝርዝር አስታወሰችኝ። ቀጥዬ ዘጠኝ ቁራሽ የፉርኖ ዳቦ በሽቦ መደርደሪያው ላይ ደርድሬ ለዐሥር ደቂቃ ተውሁት። ሳወጣቸው የሁሉም ሆድ ጠይሟል፤ ጀርባቸው ግን አንድም ሳይቀር እንደ ገባ ነጭ ነው። ነገሩ በዚያች ቅጽበት ገባኝ፤ ዳቦዬ ላይ ከሚገባው በላይ እሳት አልነደደም፣ የነደደው ከታች ብቻ ነው።

የመጣው ኤሌክትሪሺያን ጥቂት የሚናገር ወጣት ነበር። ብሬከሩን አጥፍቶ፣ ከውስጥ ሁለት ብሎን ፈትቶ፣ የላይኛውን ሬዚስታንስ፣ ማለትም የሚግለውን ማሞቂያ፣ በቴስተሩ ነካና «ተበጥሷል» አለ። ሬዚስታንሱ ሲበጠስ ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት አያውቅም፤ አየሩ የታዘዘው ዲግሪ እስኪደርስ ድረስ የታችኛውን ብቻውን ያሠራዋል፣ የደመወዝ መዝገብ ላይ ሁለት ስም ሰፍሮ አንዱ ብቻ ከማለዳ እስከ ማታ እንደሚለፋበት መሥሪያ ቤት። በዚህ ላይ እኛ ለንጽሕና ብለን ወለሉን በፎይል አልብሰነዋል። ድፎ ይወጣዋል ያልነው ጥቁር ትሪም ሙቀት እየሳበ የዳቦውን ሥር ያሳርራል፤ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ስለሚሞላ ደግሞ ትኩሱ አየር ወደ ላይ መውጫ አጥቶ ከሥሩ ይታፈናል።

ወጣቱ የኤሌክትሪኩንም ኃይል ለካልን። ምሽት 12 ሰዓት ተኩል ነበር፤ መንደሩ ሁሉ ምጣድ የጣደበት ሰዓት ነው። ቴስተሩ 220 ቮልት ማለት ሲገባው 180 አለ። ጥቂት የጎደለ ይመስላል እንጂ፣ የሬዚስታንስ ሙቀት የሚቀንሰው በቮልቱ ካሬ ልክ ስለሆነ፣ 2,000 ዋት የተጻፈበት ኦቨን በዚያ ሰዓት የሚሰጠው 1,340 ዋት አካባቢ ነው። 460 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ የሚዞረው ከዚሁ ከደጃችን ሐይቅ በሚሄድ ውኃ ነው፤ «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው ተረት ሊጡን አቡክቶ ለሚጠብቅ ሰው የተተረተ መሆኑን ያመንሁት ያን ምሽት ነው። ጋገራችንን ወደ ጠዋት አዛወርነው።

የግራዋ ጥግ ነገር ግን ገና አልተፈታም ነበር። ወጣቱ በእጁ የበሩን ጎማ ዙሪያውን እየዳበሰ ሄደና ከታች በግራ በኩል ቆመ። ጎማውን ከበሩ ጋር የምታያይዘው መንጠቆ የለችም፤ ጎማው ጣት የሚያስገባ ክፍተት ትቶ ተንዘላዝሏል። «ጋሼ፣ ይህንን ማን ነቀለው?» አለኝ። ለትንሣኤ ጽዳት በሚል ጎማውን ነቅሎ በበረኪና ያጠበው፣ መልሶ ሲገጥም አንዲት መንጠቆ የተረፈችውና ኪሱ ውስጥ የከተታት ሰው ማን እንደ ሆነ አሳምሬ አውቃለሁ። «በፊት የመጣ ሠሪ ይሆናል» አልሁ። በፊት የመጣ ሠሪ የለም። አማቴ ከጥግ ሆነው ጥጥ ይፈትሉ ነበር፤ እንዝርቱ ለአፍታ ቆመና እንደገና ዞረ።

ሬዚስታንሱ ተቀየረ፣ ፎይሉ ተነሣ፣ በየአቅጣጫው አራት ጣት የሚያስቀር አነስተኛ ትሪ ተገዛ። መንጠቆዋም ከመሳቢያዬ «በአጋጣሚ ተገኝታ» ቦታዋን ያዘች። የኦቨኑ አመልካች መብራት ጠፍታ ሞቀ ባለ ጊዜ ሊጡን ከማስገባት ይልቅ፣ ግድግዳው በደንብ እስኪግል ሃያ ደቂቃ ያህል መጠበቅንም ለመድን። በሚቀጥለው እሑድ የወጣው ድፎ ዙሪያው አንድ ዓይነት ቀይ፣ ሲያንኳኩት እንደ ከበሮ የሚመልስ ነበር። ልጆቹ የጠቆረ ሳይደርሳቸው ቀረ፤ ባለቤቴም እልል ልትል ምንም አልቀራት።

አማቴ የደረሳቸውን ቁራሽ ተቀብለው በግራ ዞር፣ በቀኝ ዞር አድርገው አዩት። ዙሪያውን በአውራ ጣታቸው ተጫኑት፤ የሚሸሽ ቦታ አላገኙም። ካሏቸው አራት ጥርሶች በሁለቱ ሞክረውት ተዉትና ቡናቸው ውስጥ ነከሩት። ቤቱ ሁሉ በደስታ ሲያወራ እጄን ሳብ አድርገው ወደ ጆሮዬ ተጠጉ።

«ልጄ፣ ያችን መንጠቆ ለፋሲካ እንደ ነቀልኻት አሁንም ንቀልልኝ።»