የቆጮዋ እናት ከበሩ ፊት ይቀመጡ

ከጥቂት ጊዜ በፊት እዚሁ ሀዋሳ የገበሬ ምርት ይቀርብበታል የተባለ ባዛር ሄጄ ነበር። የዘጠኝ ዓመት ልጄን ይዣት ነው የሄድኩት። በሩ ላይ የሞባይል ቀፎ ይሸጣል። ቀጥሎ ፍራሽ። ቀጥሎ የፊት ቅባት። ሙዚቃው ጆሮ ይበጥሳል። ዞረን ዞረን በመጨረሻ አንዲት እናት አገኘን። ከድንኳኖቹ ሁሉ ጀርባ፣ ጄኔሬተሩ አጠገብ፣ ኮባ አንጥፈው ቆጮ ይዘው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ከደጋው በሌሊት ተነስተው ነው የመጡት።

ልጄ ሽታው አዲስ ሆነባትና አፍንጫዋን ያዘች። እኔ ደነገጥኩ። እሳቸው ግን አልተቀየሙም። ከቆጮው ቆንጠር አድርገው መዳፋቸው ላይ ጨመቁና "ነይ እስቲ የኔ ልጅ፣ ንኪው" አሏት። ነካችው። "ይሄ ገና ነው። ይሄኛው ግን በደንብ ከርሟል" ብለው ሌላውን እሽግ ፈቱላት። በቀለምም በሽታም ይለያያሉ። ልጄ አፍንጫዋን ለቀቀችና መጠየቅ ጀመረች። ከምንድን ነው የሚሠራው? ለምን ይቀበራል? እሳቸው ይመልሳሉ፣ ጄኔሬተሩ ይጮሃል። ግማሹን አልሰማንም።

ያ ግማሽ እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ሀዋሳ የራሷ የመኸር በዓል ሊኖራት ይገባል ባይ ነኝ። ትንሽ ይሁን፣ ግን የእውነት የገበሬ ይሁን። በበዓሉ ላይ ዋናዋ እንግዳ ደግሞ ያቺ ከጄኔሬተሩ ሥር የተቀመጠችው ሴት ትሁን።

"ፊቼ ጨምበላላ አለን አይደል?" የሚለኝ አይጠፋም። አለን። በ2008 ዓ.ም. ዩኔስኮ በሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው የሲዳማ የዘመን መለወጫ ነው። ቀኑ የሚታወቀው አያንቶ የሚባሉት የሲዳማ አዋቂዎች ከዋክብትን አይተው ሲናገሩ ነው። አዛውንቶች የሚያስተላልፉት ታሪክ አለ። ፊቼ የምትባል የሲዳማ ሴት ነበረች ይላሉ። ካገባች በኋላ በዓመት አንዴ ወላጆቿን ትጠይቃለች። ስትመጣ ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የተሠራ ቡርሳሜ ይዛ ነው። ጎረቤት ተጠርቶ አብሮ ይበላል። የበዓሉ ስም የመጣው ከእሷ ነው። እስቲ አስቡት፤ የዚህ ሕዝብ ትልቁ በዓል መነሻው ምግብ ይዛ የመጣች ሴት ናት።

ስለዚህ ፊቼን ወደ ባዛር እንለውጠው አልልም። ፊቼ የራሱ ሥርዓት አለው፣ እንዳለ ይከበር። እኔ የምለው ሌላ ቀን ነው። ኅዳር ላይ፣ ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ቡናው ሲቀላ።

ስለ እንሰት ትንሽ ልቆይ። እንሰት እንደ ጤፍ የአጨዳ ወር የለውም። ተተክሎ እስኪደርስ እንደ አየሩ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈጃል። ከደረሰ በኋላ ግን ቤቱ ሲቸግረው ይቆረጣል፣ ካልቸገረው ቆሞ ይጠብቃል። ዝናብ በጠፋበት ዓመት ጎተራው ጓሮ ነው። በአገራችን 20 ሚሊዮን ገደማ ሰው በእንሰት እንደሚኖር ይነገራል። ይህን ሁሉ ሰው የሚያበላ ተክል፣ ሀዋሳ ውስጥ ተወልዶ ያደገ ልጅ ሲፋቅ ሳያየው ያድጋል።

መፋቁን ያየ ሰው ደግሞ አይረሳውም። የግንዱ ልጣጭ አንድ በአንድ ተገንጥሎ በተጋደመ ሳንቃ ላይ ይደገፋል። ሴትየዋ መሬት ተቀምጣ በአንድ እግሯ ልጣጩን ሳንቃው ላይ ጥብቅ አድርጋ ትይዛለች። በሁለት እጇ፣ በተሰነጠቀ ቀርከሃ፣ ከላይ ወደ ታች ትፍቃለች። ለስላሳው ይወርዳል፣ ቃጫው ይቀራል። ቃጫው ገመድ ይሆናል። ሲጨመቅ የወጣው ውሃ ሲጠል ከሥሩ ነጭ ነገር ይተኛል፤ ቡላ እሱ ነው። የቀረው በኮባ ተጠቅልሎ ጉድጓድ ይገባና ይብላላል። ሲዳማ ዋሳ ይለዋል፣ እኛ ቆጮ። መፋቁ የሴት ሥራ ነው። ወገብ ይቆርጣል። ሰሃን ላይ ከክትፎ ጎን ስናየው ይህ ሁሉ አይታየንም።

በዓሉ ላይ ይህ ሥራ ሲሠራ ይታይ። ፎቶ ግራፉን አልፈልግም፣ ፖስተሩንም። ሁለት ሦስት እናቶች ተከፍሏቸው ይፋቁ፣ ልጆች ከበው ይዩ። "ተከፍሏቸው" የሚለውን አስምሩበት። ለዘፋኝ እንከፍላለን፣ ለድምፅ ማጉያ እንከፍላለን፣ ለድንኳን እንከፍላለን። ሙያዋን ይዛ ለምትመጣ ሴት ግን የአበል ሒሳብ አናስብም።

ቡናውም እንዲሁ ነው። በ2012 ዓ.ም. አገራችን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካሄደው የካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የቡና ውድድር አንደኛ የወጣው የሲዳማ ቡና ነው። እዚህ ከተማ ውስጥ ግን በቀን ሦስቴ ቡና የሚጠጣ ሰው ቀይ እሸት ቡና በአፉ መጥጦ አያውቅም። ቅርፊቱ እንደሚጣፍጥ የሚያውቀው ለቃሚው ነው። አንድ ቅርጫት ቀይ እሸት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፣ ሰው ይቅመሰው። ከዚያ ስለ ዋጋ ብናወራ እንግባባለን።

ስለ ዓሣው፣ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ አሞራ ገደል ሄዶ የማያውቅ የከተማችን ሰው ስለሌለ፣ ብዙ አልልም። ቆሮሶው፣ አምባዛው፣ ቢልጫው ይምጣ። አስጋሪዎቹም ይምጡና ስለ መረብ ቀዳዳ ያስረዱን። ጠባብ መረብ ጫጩቱን ይለቅመዋል፤ ጫጩቱ ያለቀበት ሐይቅ ነገ ባዶ ነው።

ከይርጋለም አቮካዶ፣ ከአለታ ጩኮ አናናስ ይምጣ። አንድ ቀይ ቦሎቄም አለ፤ ስሙ ሀዋሳ ዱሜ ነው። ከዚሁ ከከተማችን የግብርና ምርምር ማዕከል የወጣ ዝርያ ነው። የከተማውን ስም ይዞ ገበሬው ማሳ ላይ ይበቅላል፣ የከተማው ሰው ግን አያውቀውም። አንድ ድስት ንፍሮ ቢቀቀል ምን ነበረበት?

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የእንሰት ችግኝ መለዋወጥ ይመጣል። አጠውልግ የሚባለው በሽታ በተበከለ ችግኝና በቢላዋ ይተላለፋል። የሚያድን መድኃኒት የለውም፣ የታመመውን ነቅሎ መቅበር ነው። ስለዚህ በባለሙያ ያልታየ ችግኝ አይግባ። መፋቂያውና ቢላዋው ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ሲሄድ ይጽዳ። በዓል አድርገን በሽታ አከፋፍለን እንዳንመለስ።

"ገበሬው የቸገረው ማዳበሪያ ነው፣ በዓል ምን ያደርግለታል?" የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ማዳበሪያውን በዓል አያመጣውም። ገዢን ግን ያመጣል። ሀዋሳ የሆቴልና የስብሰባ ከተማ ናት። ሆቴሎቻችን ቡፌ ላይ ሩዝና ፓስታ አይጠፋም። ቡርሳሜ ወይም ሌላው የሲዳማ የእንሰት ምግብ ጩካሜ ስንቱ ጋ አለ? የሆቴሉ ግዢ ሠራተኛ ከእናትየዋ ጋር ፊት ለፊት ቢገናኝ፣ ስልክ ቢለዋወጡ፣ በየሳምንቱ ይህን ያህል ኪሎ ብለው ቢስማሙ፣ ያ ለእሷ ቤት ትልቅ ነገር ነው። በመሀል ደላላ የለም።

ለዚህ ደግሞ የድንኳን ኪራዩ ነገር ይታሰብበት። ፍራሽ የሚሸጠው ድርጅትና ሁለት እሽግ ቆጮ ይዛ የመጣች ሴት እኩል አይከፍሉም። እሷ ጭራሽ መክፈል የለባትም። እንዲያውም ከወረዳው መኪና ይመደብላት። ጠዋት ያምጣት፣ ማታ ይመልሳት። በሌሊት በእግር ወርዳ፣ ያልተሸጠውን ተሸክማ ማታ ዳገት እንድትወጣ አንጠብቅ።

ቦታውን ሐይቁ ዳር አድርጉት፣ ዛፍ ጥላ ባለበት። ከበሩ እንደገባን መጀመሪያ የምናያቸው ቆጮ የያዙት እናቶች ይሁኑ። ጄኔሬተሩ ራቅ ይበል። ልጄ ሰሞኑን እንደገና ጠይቃኛለች። በኮባው ፋንታ ለምን በፕላስቲክ አይጠቀለልም? ጉድጓዱ ውስጥ መድረሱን ሳይከፍቱት በምን ያውቃሉ? እኔ አልመለስኩላትም። የሚያውቁትን እናት እየጠበቀች ነው።